በቅጹ ላይ ያልነበረው መስመር

አንድ ሰው እርዳታ ፈልጎ ወደ እናንተ መጥቶ፣ እናንተም ልትረዱት እየፈለጋችሁ፣ ጥያቄያችሁ ከመጠን በላይ ሥርዓት ስለያዘ ብቻ ምንም ሳይነግራችሁ ተመልሶ ሄዶ ያውቃል? እኔን በመጀመሪያው የሥራ ቀኔ፣ በመጀመሪያዋ ባለጉዳይ ላይ አጋጥሞኛል።

በቅደም ተከተል ላስረዳ። ነገሌ ቦረና የሥነ ዜጋ መምህር ሆኜ ከተመደብኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ከመናኸሪያው ጀርባ አንድ አነስተኛ የበጎ አድራጎት ድርጅት፣ ጠበቃ ለማቆም አቅም ለሌላቸው ሰዎች ነፃ የሕግ ምክር የሚሰጥበት ክፍል ነበረው። ሦስት ዓይነት ጉዳይ ይዞ ይሠራል፦ የፍርድ ቤት ክርክር፣ የመታወቂያና ከሞያሌ ማዶ የሚመለሱ ሰዎች ወረቀት፣ እንዲሁም የቤት ጉዳይ። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሠራ በጎ ፈቃደኛ እንደሚፈልጉ ስሰማ አመለከትኩ።

ሥራዬ «ጉዳይ ተቀባይ» ይባላል። ሰው ሲመጣ ስሙንና ችግሩን መዝግቦ፣ ጠበቃ የሚያስፈልገውን ለድርጅቱ ጠበቃ ማስተላለፍ፣ በቀበሌ የሚያልቀውን ወደ ቀበሌ መምራት ነው። ከዚህ በላይ ሥልጣን የለውም።

ክፍሏ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የፋይል ሳጥንና አንድ አግዳሚ ወንበር ነበራት። በሯ ወደ መንገዱ ይከፈታል። ረፋዱ ላይ ፀሐይ ሲበረታ መንገዱ ውሃ መስሎ ይንሳፈፋል። ከሩቅ ግመል የመሰለው ሲቀርብ ጋሪ ይሆናል፤ ጋሪ የመሰለው ደግሞ አንዳንዴ ሳይደርስ ይጠፋል። ስድስት ዓመት ከሠራሁ በኋላ እንኳ ያቺን ክፍል ሳስብ ቀድሞ የሚመጣልኝ ሕጉ ሳይሆን ያ ብርሃን ነው።

የመመዝገቢያውን ቅጽ ራሴ ነበርኩ ያዘጋጀሁት። አሥራ አራት ጥያቄ፣ በአማርኛና በኦሮምኛ። ጊዜ እንዳይባክን ዋናውን ነገር ከላይ አደረግሁት። ጥያቄ አንድ፦ ችግርዎ ምንድን ነው?

አብረውኝ የሚሠሩት ኦቦ ጉዮ ነበሩ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የፍርድ ቤት መጥሪያ አድራሽ ስለነበሩ የከተማዋን በር ሁሉ አንኳኩተዋል። ቅጼን ከላይ እስከ ታች አይተው፣ «መምህር፣ ሰው ልትቀበል ነው ልትፈትን?» አሉኝ። ተሳሳቅን። ከዚያ ፎቶ ኮፒ ሊያስነሱ ወጡ።

ብቻዬን እንደሆንኩ አንዲት ሴት ገቡ። ዕድሜያቸው ስድሳን ሳያልፍ አይቀርም። ከሻርፓቸው ሥር በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል። ስማቸውን ስጠይቅ ዳርሚ መሆናቸውን ነገሩኝ። በአካባቢው ለእናት በሚሰጠው ማዕረግ አዴ ዳርሚ እላቸዋለሁ።

«አካም ጅርቱ፣ አዴ?» ብዬ ደህንነታቸውን ጠየቅሁ።

«ናጋ» አሉ። ሰላም ነው ማለታቸው ነው።

«እሺ። ችግርዎ ምንድን ነው?»

ጥያቄው ለሌላ ሰው የቀረበ ይመስል ወደ በሩ ዞሩ። «ዝናቡ ናጋ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ኩሬው ሞልቷል፤ ናጋ። ፍየሎቹ ናጋ ናቸው። ከወደራ የሚመጡት የጭነት መኪና ሰዎች ደጃችን በደህና ያድራሉ፤ ናጋ። አንተስ፣ ልጄ? እናትህ ናጋ ናት?»

«ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ ብዕሬን ወረቀቱ ላይ እንደደገንኩ። «እና ምንም ችግር የለም?»

«ናጋ» አሉ አሁንም።

«የለም» ብዬ ጻፍኩ። ችግር ለሌለው ሰው ጥያቄ ሁለት አይመጣም፤ ቅጹ የተሠራው እንደዚያ ነው። ጥቂት ተቀመጡ፣ የያዙትን ፌስታል ነካ ነካ አደረጉ፣ ከዚያ ጨብጠውኝ ወጡ። መንገዱ ላይ ያ ውሃ መሳይ ብርሃን መጀመሪያ እግራቸውን፣ ቀጥሎ ወገባቸውን ሸፈነ። በመጨረሻም ሻርፓቸው ብቻውን ሲሄድ አየሁ።

ኦቦ ጉዮ ተመልሰው ቅጹን አነበቡት። አልሳቁም።

«በዚህ ፀሐይ በእግራቸው የመጡት ናጋ ሊሉህ ነው?»

«ጠየቅኋቸው እኮ! ሁለት ጊዜ!»

«በር ላይ እንዳሉ ነው የጠየቅካቸው» አሉ። «ቦረና ቤቱ ቢቃጠል እንኳ ናጋ ሳይል እሳት አይልም። መጀመሪያ የሰውን፣ የከብቱን፣ የዝናቡን ሰላም ይነግርሃል። አንተም ያንተን ትነግረዋለህ። ከዚያ ዝም ትላላችሁ። ነገሩ የሚመጣው ከዝምታው በኋላ ነው። አንተ ፈተናው ሳይጀመር ወረቀት ሰበሰብክ፣ መምህር።»

ፌስታሉን ነገርኳቸው። ሐምራዊ ማኅተም ያለበት የወረቀት ጫፍ መታየቱንም ነገርኳቸው።

«መጥሪያ ነው» አሉ ወዲያው። «ሠላሳ ዓመት የተሸከምኩትን ወረቀት አላጣውም።»

አንባቢ እንዲረዳኝ ላብራራ። መጥሪያ የደረሰው ተከሳሽ በቀጠሮው ቀን መልስ ይዞ ካልቀረበ ክርክሩ እሱ በሌለበት ይቀጥላል። የቀጠሮውን ቀን አናውቅም። ቤታቸውንም አናውቅም፤ አድራሻ ጥያቄ አራት ነበር።

ክፍሉን ዘግተን ስንወጣ ነበር ቃላቸው ወደ ጆሮዬ የተመለሰው። ኩሬው ሞልቷል። የጭነት መኪና ሰዎች ደጃችን ያድራሉ። ከወደራ የሚመጡት። በቅጼ ላይ ቦታ ስላልነበረው ያልጻፍኩት ሁሉ አድራሻ ነበር።

«የወደራ መንገድ» አልኩ። «ከኩሬው አጠገብ፣ መኪኖቹ የሚቆሙበት።»

ኦቦ ጉዮ አዩኝ። «ታዲያ ሰምተህ ነበር ማለት ነው» አሉ።

እሑድ ጠዋት ሄድን። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር ኩሬው ሰማዩን ይዞ ተኝቷል፤ ፍየሎቹ በደመናው ላይ የሚሄዱ ይመስሉ ነበር። ከቆሙት መኪኖች ወዲያ ባለ አንድ ክፍል የጭቃ ቤት ደጃፍ ላይ አዴ ዳርሚን አገኘናቸው። እኔን ሲያዩ ምንም ቅሬታ አላሳዩም። በርጩማ አወጡልን።

ሰላምታው ተጀመረ። በዚህ ጊዜ ብዕሬ ኪሴ ውስጥ ነው። የዝናቡን ሰላም ነገሩን፤ ኦቦ ጉዮ የልጆቻቸውን ነገሩ፤ እኔ የእናቴን፣ የተማሪዎቼን፣ የአከራዬን ላም ሳይቀር ነገርኩ። ከዚያ ዝም አልን። ነፋሱ ኩሬውን ሲያጥፈውና ሲዘረጋው ይታየኛል። ስንት ጊዜ እንዳለፈ አላውቅም፤ ሰዓቴን አላየሁም። ዝምታው የሚጠብቅ እንጂ ባዶ እንዳልነበር ብቻ አስታውሳለሁ።

አዴ ዳርሚ ፌስታሉን አወጡ።

«ከዚህ ቤት ውጪ ይሉኛል» አሉ።

ከሳሹ የሟች ባለቤታቸው ወንድም ነው። ክሱ እንዲህ ይላል፦ ቤቱ የወንድሜ ነው፤ ሴትዮዋ ሚስቱ አይደለችም፤ ከኬንያ የመጣች የውጭ ሰው ናት፤ መታወቂያም የላትም፤ ለቃ ትውጣ። ቀጠሮው ለማግስቱ፣ ለሰኞ ነበር።

«እኔ የዚሁ አገር፣ የተልተሌ ልጅ ነኝ» አሉ። «ከባለቤቴ ጋር ሞያሌ ማዶ ከብት እየነገድን ብዙ ዓመት ኖርን። ተመልሰን ይህን ቤት ጭቃውን አብረን ረግጠን ሠራነው። ወረቀት ማን ጠየቀን?»

ጠበቃችን ሰዓዳ የነጋዴ ቤተሰብ ልጅ ናት። እሑድ አባቷን ሱቅ ታግዛለች። እዚያው ሄድን። በስኳር ጆንያና በጨርቅ ጥቅል መካከል መጥሪያውን አነበበችና ለአባቷ፣ «አባባ፣ ሚዛኑን አንተ ያዝልኝ» ብላ ወረቀት ዘረጋች።

«ሦስት ነገር ነው» አለችኝ፣ እንደምወደው አድርጋ ከፋፍላ። «ጋብቻውን አብረው ሲኖሩ ያዩ ሰዎች ይመሰክራሉ። ድንበር ተሻግሮ መኖር ብቻውን ዜግነት አያስቀርም፤ ግን ከተልተሌ የተወላጅነት ማስረጃ ያስፈልጋል። ቤቱ በትዳር የተሠራ መሆኑን ጎረቤት ያስረዳል። ለነገ መልሱ ይበቃል፤ ማስረጃውን ለማቅረብ ጊዜ እንጠይቃለን። ተልተሌ ማን ይሄዳል?»

«እኔ» አልኩ። ዕዳ ነበረብኝ።

ሰኞ መልሱ ገባ፤ ጊዜም ተሰጠን። የትምህርት ቤት ዕረፍት ሲደርስ በጭነት መኪና ተሳፍሬ ወደ ተልተሌ ወረድኩ። ቀይ አፈር፣ የጉንዳን ኩይሳ፣ ደግሞ ቀይ አፈር። አንዳንዴ ነቅቼ ሕልም አየሁ ብል፣ አንዳንዴ ደግሞ በሕልሜ መንገድ አየሁ ብል ልዩነቱን አላውቀውም ነበር። ያቤሎ አድሬ በማግስቱ ደረስኩ።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ከድርጅቱ የያዝኩትን ደብዳቤ አላወጣሁም። ስለ ግጦሹ ጠየቅኋቸው። እሳቸው የነገሌን ዝናብ ጠየቁኝ። ከጎናችን ያሉ ሽማግሌ ስለ ጉድጓዱ ጨመሩ። የከሰዓቱ ግማሽ እንዲህ አለፈ። ከዚያ ዝም አልን፤ እኔም ቻልኩት።

«ምን አመጣህ፣ ልጄ?» አሉ ሊቀ መንበሩ ራሳቸው።

የአዴ ዳርሚን ስም ከነአባታቸው ተናገርኩ።

ሽማግሌው ቀና አሉ። «የዳርሚ አባት ቤት ያ ግራር ሥር ነበር» ብለው በከዘራቸው አሳዩኝ። ቤት የለም፤ ግራሩ ብቻ አለ። «ሠርጓ ላይ ከብቱን ያስረከብኩት እኔ ነኝ። ወጣት ነበርኩ፤ አሁን አርጅቻለሁ ብለህ እንዳትጽፍ።»

«አልጽፍም፣ አባቴ።»

«ጻፈው ግዴለም። መጥቼ ዳኛው ራሱ ያየኝ የለም እንዴ?»

ማስረጃውን በእጄ ይዤ ተመለስኩ፤ ሽማግሌው በቀጠሮው ዕለት በልጃቸው ተደግፈው መጡ። ሁለት ጎረቤቶች መሰከሩ። ከሳሹ፣ «እኔ ይህን ሽማግሌ አላውቀውም» ሲል ሽማግሌው፣ «አንተ ያኔ አልተወለድክም፤ በምን ታውቀኛለህ?» አሉ። ዳኛዋ ጠረጴዛውን መታ መታ አድርገው ጸጥ አሰኙን፤ ግን ፈገግ ሲሉ አይቻለሁ። ፍርድ ቤቱ አዴ ዳርሚ ሚስት መሆናቸውን ተቀብሎ ክሱን ውድቅ አደረገ። መታወቂያውም በዚያው ማስረጃ ከቀበሌያችን ወጣ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በአንድ ቅዳሜ ያ ውሃ መሳይ ብርሃን ሻርፕ አመጣ፣ ቀጥሎ ወገብ፣ ቀጥሎ እግር። አዴ ዳርሚ ገብተው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ብዕሬን አስቀመጥኩ። ዝናቡ ናጋ ነው። ኩሬው ናጋ ነው። ፍየሎቹ ሁለት ወልደዋል፤ ናጋ ናቸው። እናቴም ናጋ ናት። ከዚያ ዝም አልን። ጠበቅሁ። አሁንም ጠበቅሁ። ሌላ መጥሪያ መጥቶ ይሆን እያልኩ እጃቸውን አያለሁ፤ ፌስታል የለም።

«ምን ትጠብቃለህ?» አሉኝ በመጨረሻ።

«ጉዳይዎን፣ አዴ።»

«ናጋ ነው አልኩህ እኮ!» ብለው ሳቁ። ኦቦ ጉዮ ከፋይል ሳጥኑ ጀርባ ሆነው ከእሳቸው በላይ ሳቁ። አዴ ዳርሚ የመጡት ሰላም ሊሉኝ ብቻ ነበር።

ቅጹን ለወጥኩት። አሁን ከጥያቄ አንድ በላይ ቁጥር የሌለው ሰፊ ባዶ መስመር አለ፤ ሰውየው ስለ ዝናቡና ስለ ሰፈሩ ያለው፣ ከወጣ በኋላ ይጻፍበታል። «ችግርዎ ምንድን ነው?» የሚለውን ሰረዝኩት። ባለጉዳዩ ጊዜው ሲደርስ ራሱ ይናገረዋል።

በዚህ ሥራ የተማርኩት ይህን ነው፦ ሰው ችግሩን የሚናገረው ሰላምታው ሲያልቅ ነው። ሰላምታውን ያቋረጠ ችግሩን አይሰማም።

እናንተም ሞክሩት። ነገ ጠረጴዛችሁ ፊት ሰው ሲቀመጥ ብዕሩን አስቀምጡ፤ ዝናቡን ጠይቁ፤ የእናንተንም ንገሩት። ከዚያ ሰዓታችሁን ሳታዩ ዝም በሉ።