በአንዲት ፊደል የሚንቀሳቀስ ድንጋይ

ጠሪው ነው የሚሉት። ስም የለውም ማለቴ አይደለም፤ እናቱ ያወጣችለት ስም አለው፣ ግን ድንጋይ ካባው ውስጥ ማንም ጠርቶበት አያውቅም። ሥራው አለት ላይ ቆሞ አንዲት ቃል ማሰማት ነው። በቃ። «ለዚህም ደመወዝ ይከፈላል እንዴ?» የሚሉ ነበሩ፤ አንድ ቀን አጠገቡ ቆመው እስኪያዩ ድረስ ነው ታዲያ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካባው ውስጥ ገመድ የሚስቡት ሰዎች ከየዓለሙ የተለቃቀሙ ናቸው፤ የአንዱን ቋንቋ ሌላው አይሰማም። ቤት የሚያህለው ጥርብ ድንጋይ ደግሞ በግንዲላ ላይ እየተንሸራተተ ወደ መኪናው የሚሄደው ሁሉም በአንድ ትንፋሽ ሲስቡ ብቻ ነው። ስለዚህ ለሁሉም አፍ የምትቀል አንዲት ፊደል መረጡ፤ «ና»። ለእኛ ወንድ ልጅ መጥሪያ ናት። ስዋሂሊ ተናጋሪው ወፍራም ሳቢ ግን «እና» ማለት ነው ይላል፤ እኔና አንተ፣ ገመዱና ድንጋዩ። ለሩሲያዊው «እንካ» ነው። ለግሪኩ «ይኸው»። ከኮሪያ የመጣው ዝምተኛ ሰውዬ ደረቱን ነካ አድርጎ «እኔ» አለ። ለፋርሱና ለሕንዱ «አይሆንም» ነው፤ ፋርሱ ታዲያ በሳቅ እየፈረሰ፣ «አይሆንም እየተባልኩ ነው ነፍሴ እስክትወጣ የምስበው» ይላል።

ጠሪው እነዚህን ትርጉሞች ሴትዮ አዝራር እንደምታጠራቅም ያጠራቅም ነበር። ሁሉም የአንዲት እናት ልጆች ናቸው ብሎም ጠርጥሮ ነበር። አንድ ማንበብ የሚወድ ሳቢ ነው የነገረው፤ የፋርሱና የሕንዱ ከአንድ አያት ይወርዳሉ፣ የቀሩት ግን በየአገሩ ለየብቻ ተወልደው መልካቸው የገጠመ ባዕዳን ናቸው። ጠሪው ትንሽ ቅር አለው። ወንድማማች ቢሆኑለት ደስ ባለው።

ካባው ውስጥ ከእሱ በቀር ያቺን ቃል ያወጣ ሰው ጥፊ ይቀምሳል። ጓደኛህን ስትፈልግ «ወዲህ በል» ትላለህ፣ ወይ ታፏጫለህ። ጠሪው ከመልመዱ የተነሣ ቤቱም ገብቶ ልጁን በፉጨት ነው የሚጠራው፤ ሚስቱ «ውሻ አደረግከው እኮ» እያለች ትነተርከዋለች። ሌላው ሕግ ግን ከዚህም ይብሳል። ሳቢዎቹ ጀርባቸውን ለድንጋዩ ሰጥተው፣ ከመዶሻው ድብደባ የተነሣ ጆሯቸውን በጨርቅ ወትፈው ነው የሚቆሙት። ቃሏ ጥርት ብላ አትደርሳቸውም፤ ከአለቱ ላይ የሰው ድምፅ መነሣቱን ብቻ ነው የሚሰሙት። እናም ጠሪ አለቱ ላይ ከወጣ አይስልም፣ አያዛጋም፣ አይሳደብም። ከጉሮሮው የወጣ ነገር ሁሉ «ሳቡ» ማለት ነው። አንዴ ጊንጥ ነድፎት፣ እንባው በጉንጩ እየወረደ ጭጭ ብሎ ቆሟል።

አሁን ወደ አማቹ እንምጣ፣ እጁን ይስበረውና። የታናሽ እህቱ ባል እዚያው ካባ ውስጥ ግንዲላ አስገቢ ነው፤ ድንጋዩ ፈቀቅ ባለ ቁጥር ከፊቱ በደረቱ ተስቦ ገብቶ አዲስ ግንዲላ ያነጥፋል። ቀን ሲያዩት በግ ነው። ማታ ቤቱ ሲገባ ግን አንዴ በቀበቶ ዘለበት ቅንድቧን ተርትሮላታል፤ አንዴ በር ዘግቶባት ጣቶቿን ሰብሯል። ዘመድ ተሰብስቦ ሲመክረው ያለቅሳል፣ ይምላል፣ ከዚያ ይደግመዋል። በመጨረሻም ከግድግዳ ጋር አጋጭቶ የፊት ጥርሷን አወለቀ። ጠሪው ይህን ሲያይ ደሙ ፈላ። እሷ ግን እግሩ ላይ ተደፍታ «አደራ ጋሼ፣ ልጆቼን ያለ አባት አታስቀርብኝ» አለችው። እያረረ ተወው።

በዚያው ሳምንት አንድ ረፋድ ላይ አማቹ እንደ ልማዱ ድንጋዩ ፊት ገባ። ያነጠፈው ግንዲላ ተሽከረከረና እግሩን ከመሬት ጋር ነከሰው። ድንጋዩ ደረቱ ፊት ተገትሯል። ሰውየው ይጮሃል፣ ጩኸቱን መዶሻው ይውጠዋል። የሚያየው ሰው አንድ ብቻ ነው፤ አለቱ ላይ የቆመው። ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቃሏ ምላሱ ላይ መጣች። የእህቱ ድዱ የደማ አፍ ታየው። ማን ይጠይቀዋል? ድንጋይ ገደለው ይባላል፤ ካባ ውስጥ ሰው መሞቱ አዲስ ነገር አይደለም። አፉን ከፈተ። ከዚያ ገመዱን ጨብጠው፣ ጎንበስ ብለው የእሱን ድምፅ የሚጠብቁት ጀርባዎች ታዩት። አፉን ገጠመ።

ከታች አለቃው ተቆጣ። አለቃው ለካባው አዲስ ነው፤ ሕጉን የነገረው የለም፣ ቢነግሩትም የሚሰማ ዓይነት አይደለም። «ምን ዘጋህ? መኪናው ቆሞ እየጠበቀ እኮ ነው» አለ። ጠሪው በእጁ ወደ ድንጋዩ ጠቆመ። አለቃው ካለበት ቦታ ድንጋዩ እንጂ ሰውየው አይታይም፤ ሲጠቁመው የናቀው መሰለው። ራሱ «ና» ብሎ አምባረቀ። ድምፁ ከአለቱ ላይ አልመጣምና ማንም ንቅንቅ አላለም። አጠገቡ የነበረ አንድ ጠራቢ ሳቀበት። ያቺ ሳቅ ናት ነገሩን ያበላሸችው።

አለቃው የመዶሻ እጀታ አንሥቶ አለቱን ወጣ። የመጀመሪያው ምት ጎኑ ላይ አረፈ፤ ጠሪው የገዛ አጥንቱ ሲሰበር ሰማ። አልጮኸም። «ትጠራለህ አትጠራም?» ብሎ ጥርሱን ነክሶ በጆሮው አንሾካሾከና ጉልበቱን ደገመው። ወደቀ፤ ከንፈሩን ነክሶ በጠሰው። ሰይጣን ዳግም የመጣው ይሄኔ ነው። አሁን ቢጮህ ማን ይፈርድበታል? የተመታ ሰው ይጮሃል። ዱላው ይቆምለታል፣ እህቱም ትገላገላለች፣ እሱንም ነፍሰ ገዳይ የሚለው አይኖርም። የሸሚዙን ጫፍ ጠቅልሎ አፉ ውስጥ ጠቀጠቀ። ቀጣዩ ምት አገጩ ላይ ነበር። ደሙ ሸሚዙን አልፎ አለቱ ላይ ወረደ፣ ድምፅ ግን አልወጣም። አለቃው እጀታውን እንደገና ሲያነሣ ድንገት ዓይኑ ወደ ታች ሄደ፤ ሰውየውን አየው። እጀታው ከእጁ ወደቀ።

አማቹን አወጡት። እግሩ ተልጧል እንጂ አጥንቱ ደህና ነው። ሰው ሁሉ ከቦት በየቋንቋው፣ ያልቻለውም በምልክት፣ «ነፍስህን የሰጠህ እሱ ነው፣ ሂድና እግሩን ሳም» አለው። አልሳመም። አንገቱን ደፍቶ እያነከሰ ወደ ቤቱ ሄደ።

አመሻሽ ላይ ጠሪው አገጩ ታስሮ ተጋድሞ ሳለ እህቱ ገባች። አንድ ዓይኗ በእብጠት ተደፍኗል። ባሏ «በወንድምሽ ምሕረት የምኖር ለማኝ አደረጋችሁኝ» እያለ ነው መሬት ላይ ጥሎ የረገጣት። የጠሪው ሚስት ውሃ ልታመጣላት ስትሮጥ እሷ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

«ድንጋዩ ፊት መሆኑን አይተህ ነበር ጋሼ?»

በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

«አንዲት ፊደል እኮ ናት» አለችው።

እሷም ልጆቿን ይዛ እዚያው ቀረች። ባልየው እየመጣ በር ይደበድባል፣ «ሚስቴን አምጡ» ይላል፣ ድንጋይ ይወረውራል። አለቃው ተባሯል፤ ባልየውን ግን የሚነካው ጠፋ።

ጠሪው መራመድ ሲችል ካባው ሄደ። ሳቢዎቹ እያጨበጨቡ ቦታ ለቀቁለት፣ እሱ ግን አለቱ ላይ አልወጣም። በጠራራ ፀሐይ፣ ሁሉም እያዩት፣ ከጠራቢዎቹ መዶሻ አነሣና ወደ አማቹ ሄደ። ሰውየው «አማቼ…» ብሎ ሳይጨርስ በገዛ ግንባሩ ገጭቶ ጣለው። ቀኝ እጁን ጎትቶ ጥርብ ድንጋይ ላይ አስደገፈና፣ ያቺን ሴት የሚመታበትን እጅ፣ አጥንቱ እስኪደቅ ቀጠቀጠው። የሰውየው ጩኸት ገደሉን ሞላው። ጠሪው መዶሻውን መልሶ ለባለቤቱ ሰጠና ፖሊስ እስኪመጣ መሬት ላይ ተቀመጠ።

ታሰረ። እህቱ ስንቅ ታመላልሳለች፤ ባልየው እጁ ሽባ ሆኖ ከሰፈር ጠፍቷል፣ እሷም ልብስ እያጠበች የራሷንም የወንድሟንም ልጆች ታሳድጋለች። አንድ ቀን በሽቦው ማዶ ቆማ አላስችል አላት።

«ጋሼ፣ ያኔ ጠርተህ ቢሆን እዚህ ባልገባህ። ልጆችህም ባልተንከራተቱ። ማንም አይጠይቅህም ነበር እኮ።»

ጠሪው በተጣመመ አገጩ ቀስ እያለ ተናገረ። «እኔ እኮ አልስብም። የሚስቡት እነሱ ናቸው። ያ ሁሉ ሰው አምኖኝ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ ሳያውቅ ነፍሰ ገዳይ ይሆን ነበር። መምታት ካለብኝ የገዛ እጄ አለኝ።»

እህቱ እንባዋን በክንዷ ጠረገችና የስንቁን ዕቃ ከፈተች። ማኘክ ስለማይችል ምግቡን አድቅቃ ነው የምታመጣለት። በሽቦው ስር አሳለፈችለት።

«ብላ» አለችው፤ «እየቀዘቀዘ ነው።»