የሎሚ ግራ ክንፍ

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ሂባ አንዲት አረንጓዴ በቀቀን ይዛ፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ድረስ እያለከለከች ወጣች። በአንድ እጇ ወፏ ያለችበት ካርቶን፣ በሌላው አዲስ መቀስ።

«እማማ፣ ክንፏን እንቁረጥላት፤ አለዚያ በመስኮት ትሄዳለች» አለችኝ።

መቀሱን ከእጇ ተቀብዬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

ጌጃ ሰፈር ሳለን፣ በአሥራ ስድስት ዓመቴ፣ ሎሚ የምትባል በቀቀን ነበረችን። ታላቅ ወንድሜ ከድር ከጅማ መስመር በአይሱዙ ሙዝ ሲያመላልስ፣ ጃኬቱ ውስጥ ከትቶ ያመጣት ናት። ወሩ መስከረም ስለነበር ግቢው በርበሬ ተሰጥቶበት ያስነጥሳል፤ እሷ ግን ከስጡ መሃል ገብታ ፍሬውን ትለቅማለች። ከበርበሬ ሌላ የምትወደው ከድርን ብቻ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠመንጃ ያዥ ሰፈር በኩል ታጥፎ ክላክሱን ሁለቴ ሲያሰማ፣ ከበረንዳው ተነስታ አጥሩን ታልፍና የመኪናው ስፖኪዮ ላይ ታርፋለች። ይህን ለማየት ጎረቤት ሁሉ ይወጣ ነበር።

ዝናቡ ጨርሶ ሲያባራ ጭልፊቶች ከሰፈሩ ልኳንዳ በላይ መዞር ጀመሩ። ሎሚም በየቀኑ ራቅ ማለት ለመደች። ከድር «እኔ ሳልመጣ ክንፏን እንዳትነኩ» ብሎን ነበር የሄደው። አርብ ዕለት ግን አንድ ጭልፊት ጣራችንን ሊነካ እስኪደርስ ዝቅ ብሎ ሲያልፍ መጠበቅ አቃተኝ። እውነቱን ለመናገር ጭልፊቱ ብቻ አልነበረም። ከድር መጥቶ «ጎበዝ» እንዲለኝ ፈልጌ ነው።

የላባ ነገር የሚጠየቁት ዶሮ አርቢዋ ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ ነበሩ። ሎሚን በነጠላቸው ጠቅልለው ያዙልኝና «አንዱን ክንፍ ብቻ ቁረጪ» አሉኝ። «ሚዛኗ ይጠፋና አጥር አትዘልም።»

«በቀቀን ዶሮ ናት እንዴ፣ እትዬ?»

«ላባ ላባ ነው፣ ልጄ።»

የግራውን ዘርግቼ ረጃጅሞቹን ላባዎች ቆረጥኩ። ሎሚ እስኪመሽ ድረስ በረንዳው ላይ ወደ አንድ ጎኗ ዘንበል ብላ ተቀመጠች። የሰጠኋትን በርበሬ አልነካችም።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ክላክሱ ሁለቴ ተሰማ። እጄን ዘረጋሁ፤ አልደረስኩባትም። ሎሚ እንደ ልማዷ ተነስታ አጥሩን ለጥቂት አለፈች፤ ከዚያ ወደ ግራ ተጠማዝዛ፣ እየተሽከረከረች ወደቀች። የወደቀችበትን አጥሩ ከለለኝ። የሰማሁት የፍሬን ድምፅ ነው።

ከድር ከጎማው ሥር አነሳት። ክንፎቿን አንድ በአንድ ዘርግቶ አየና ቀና አለ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«እኔ ነኝ ያልኳት» አሉ እትዬ ዘነቡም ከኋላዬ።

«ሁለቱንም እኩል ብትቆርጪው ቀስ ብላ መሬት ላይ ታርፍ ነበር» አለኝ ከድር።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት ግን የሚለቀም አልነበረም። ከድር ከዚያ ቀን ወዲህ ሰፈራችን ሲገባ ክላክስ አሰምቶ አያውቅም። ልጆች መንገዱ ላይ ኳስ ሲጫወቱ እንኳ ሞተሩን አጥፍቶ ይጠብቃቸው ነበር። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ይህን ሁሉ ለሂባ አልነገርኳትም። ፎጣ አስመጣኋትና በቀቀኗን ጭንቅላቷን አውጥተን ጠቀለልናት። «ደረቷን እንዳትጫኚ፣ ትንፋሽ ያጥራታል» አልኳት። ገና በማደግ ላይ ያሉትን፣ ሥሮቻቸው ደም የቋጠሩትን ላባዎች አሳይቼ እንዳንነካቸው አስጠነቀቅኳት። ከዳር አምስት ከግራ፣ አምስት ከቀኝ ቆረጥን፤ ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ። አልጋው ላይ ሆነን ስንለቃት ቀስ ብላ ምንጣፉ ላይ አረፈች። ሂባ አጨበጨበች።

በዚህ መሃል ከታች አንድ መኪና ክላክስ አሰማ፤ ሁለቴ። በቀቀኗ አንገቷን ቀና አደረገች። ጉልበቴን እያመመኝ ተነስቼ መስኮቱን ዘጋሁት።

«እማማ፣ ይሞቃል እኮ!»

«ይሙቀን» አልኳት።