ሽማግሌዎቹን ባሕር ዳር ያደረሰው ቅጥቅጥ

ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ሥራ በጀመርኩበት ቀን ጋሽ በላይ ፊሽካ ሰጥተው በሩ ላይ አቆሙኝ። የስምሪት ኃላፊ ነበሩ፤ የትኛው መኪና በስንተኛው ተራ ወዴት እንደሚወጣ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። እኔ በእሳቸው ሥር የስምሪት ሠራተኛ ሆኜ ነበር የተቀጠርኩት።

«መውጫ ወረቀት ያልያዘ መኪና ሚኒስትርም ቢጭን አታሳልፊ» አሉኝ።

ገና ሳይነጋ ግቢው በሞተር ድምፅ ይናወጣል። ረዳቶቹ ይጣራሉ፣ መንገደኛው ሻንጣውን ይዞ ይሯሯጣል። እኔም ፊሽካዬን እየነፋሁ ወዲህ ወዲያ ስል ዋልኩ። ማታ ቤቴ ስገባ ጆሮዬ ውስጥ ገና «ቡሬ፣ ኮሶበር፣ ባሕር ዳር» ይባል ነበር። እንቅልፍ የነሳኝ ድካም ሳይሆን ደስታ ነው።

ሥራውን እየለመድኩ ስሄድ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር መሆኑን አየሁ፤ «የቱ ይቀድማል?» ይላል። ሚኒባስ ፈጣን ነው፤ ግን ያጨናንቃል። ትልቁ አውቶቡስ ይመቻል፤ እስኪሞላ ግን ፀሐይ ይወጣል። ቅጥቅጥ የምንለው መካከለኛው አውቶቡስ በሁለቱ መሐል ነው።

መንገዱ ሰላም በነበረበት በአንድ የሠርግ ሰሞን ሦስት ሰዎች ነጭ ጋቢ ለብሰው ማለዳ መጡ። ለሽምግልና ባሕር ዳር የሚሄዱ ነበሩ። አፈ ጉባኤያቸው መሪጌታ ጥበቡ ናቸው፤ የከተማችን ደብር መሪጌታ። ሁለተኛው አቶ ምንይችል የሚባሉ የይጁቤ ገበሬ ሲሆኑ የሙሽራው አጎት ናቸው። ሦስተኛው ዝምተኛ ጎረቤታቸው ነበሩ።

«የልጅቷ አባት ከቀትር በፊት ካልመጣችሁ በሬን አልከፍትም ብሏል» አሉ አቶ ምንይችል። «ያ ሚኒባስ ሦስት ሰው ነው የጎደለው። ቁረጪልን።»

የጎደለው ቦታ የኋላው ወንበር ነበር። መሪጌታን ሳያቸው ፊታቸው ጠቁሯል።

«ምን ሆኑ መሪጌታ?»

«ሚኒባስ ያመኛል፣ ልጄ። ከኋላ ከተቀመጥኩ ደምበጫ ሳልደርስ አንጀቴ ይገለበጣል።»

«ባሕር ዳር ሲደርሱ የሚናገረው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አሉ። አቶ ምንይችል ወደ መሬት አዩ።

«ማታስ ያድራሉ?»

«ኧረ የለም። ነገ ንግሥ ነው፤ ማታ ማኅሌት መቆም አለብኝ።»

ይህን ስሰማ ሚኒባሱን ተውኩት። ሚኒባሶቹ ባሕር ዳር ከደረሱ በኋላ የመመለሻ ተራ ይይዛሉ፤ ከሰዓት በኋላ ይድረሳቸው አይድረሳቸው አይታወቅም። ሹፌሩ ጌትነት የሚነዳው ቅጥቅጥ ግን በዚያው ቀን ደርሶ የሚመለስ ነው። ችግሩ ግማሹ ባዶ መሆኑ ነበር፤ ያልሞላ መኪና ደግሞ አይወጣም።

ይህን ስነግራቸው ሚኒባሱ ሌላ ሰው ጭኖ ወጣ። አቶ ምንይችል አይተውት «አለቀልን፤ የልጁን ዕድል አጠፋሽው» አሉኝ።

ሮጬ ጋሽ በላይ ዘንድ ገባሁና ቅጥቅጡ እንደዚሁ ይውጣ አልኳቸው። «ደምበጫና ቡሬ ላይ ይሞላል። ዛሬ ገበያ ነው።»

ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። «ባይሞላ ባለመኪናው የሚጮኸው እኔ ላይ ነው፣ ጥሩዓለም።»

«ያስወጣችው ጥሩዓለም ናት ይበሉት።»

ትንሽ አሰቡና መውጫውን ፈረሙ። ከሹፌሩ አጠገብ የተቀመጠውን ወጣት ለምኜ አስነሣሁትና መሪጌታን ከፊት አስቀመጥኩ። ጌትነትን «ቀስ ብለህ፣ ግን እንዳትቆም» አልኩት።

«ሁለቱን እንዴት አንድ ላይ ላድርጋቸው?» ብሎ ሳቀና ወጣ።

ረፋዱ ላይ ጌትነት ስልክ ደወለ። ከቡሬ አለፍ ብሎ ከባድ መኪና ተበላሽቶ መንገዱን ዘግቷል። መኪናው ሞልቷል፤ ሽማግሌዎቹ ግን ወርደው ቆመዋል። ከዚያ በኋላ እጄ ሥራ አልይዝ አለኝ። የፍኖተ ሰላሙን መኪና ወደ ሞጣ ልልክ ስል ጋሽ በላይ ያዙኝ። ቀትር አለፈ። ጌትነት ስልኩን አያነሣም።

ሥራዬ ቢያልቅም ወደ ቤቴ አልሄድኩም። ሊመሽ ሲል የቅጥቅጡን ጥሩምባ ገና ከአስፋልቱ ሰማሁት። ሲነፋው የሠርግ አስመስሎ ነው። መጀመሪያ የወረዱት አቶ ምንይችል ናቸው። ሁለት እጄን ይዘው ጉንጬን ሳሙኝ።

«ሰጡን» አሉ መሪጌታ ከኋላቸው። «መኪናው ተነሥቶ መንገዱ ሲከፈት በረርን፤ ለጥቂት ነው የደረስነው። ሰውዬው በሩን ሊዘጋ ቆሞ ነበር። ገብተን ከተቀመጥን በኋላ ብዙ ተከራከረኝ፤ እኔም ብዙ መለስኩለት። ታምሜ ደርሼ ቢሆን ምን አፍ ይኖረኝ ነበር?»

ሻይ የምትሸጠው ሴትዮ እልልታዋን ለቀቀችው፤ ረዳቶቹ አጨበጨቡ። ጋሽ በላይ ሳይቀሩ ከቢሮ ወጥተው እጃቸውን ጨበጧቸው። መሪጌታ ግን ብዙ አልቆዩም፤ መቋሚያቸውን ይዘው ወደ ደብራቸው ፈጠኑ።

ዛሬ ጡረታ ወጥቼ እንኳ ጎረቤቶቼ ደርሶ መልስ ሲያስቡ ይጠይቁኛል። መጀመሪያ የምጠይቃቸው እዚያ ደርሰው ምን እንደሚሠሩ ነው። ቀጥሎ መመለሻውን እንፈልጋለን። የመሄጃው መኪና የሚመረጠው ከዚያ በኋላ ነው።