የመሥሪያ ቤቱ ታኮ

ያን ድንጋይ ዛሬም መንገድ ላይ ባገኘው በመዶሻ ዱቄት አደርገዋለሁ። ድንጋይ ምን አጠፋ ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ ያጠፋው አለቃችን ነው፤ እሱን ግን በመዶሻ መምታት አይቻልም ነበር።

አምቦ ሀገረ ሕይወት በምትባልበት ዘመን እዚያ የአንድ መሥሪያ ቤት ሾፌር ነበርኩ። የምነዳው አሮጌ ላንድሮቨር የእጅ ፍሬኑ ዝጎ ደርቋል፤ እጀታውን ብስበው ንቅንቅ አይልም። ጎጆ ወደምትባለው የደጋ ከተማ የሚወስደውን መንገድ ጭቃና የወንዝ ውሃ ስንት ክረምት ሲጠጣ ኖሮ፣ ማን ከፍቶ አይቶት ያውቃል? ሞተሩም ስላረጀ ዳገት ላይ ማርሽ አስገብቼ ባቆመው እንኳ ቀስ እያለ ይንሸራተታል። ስለዚህ በቆምን ቁጥር እኔ የእግር ፍሬኑን ረግጬ እጠብቃለሁ፤ ዘበኛችን ከኋላ ወርዶ ጎማው ሥር ታኮ ያደርጋል። ታኮው ድንጋይ ነው።

ዘበኛው ሽማግሌ ነበር፣ የጎጆ አካባቢ ሰው። ልጄ ለማለት «ኢልማ ኮ» ይለኛል። ድንጋዩን ጎማው ሥር ሲሸጉጥ በመስታወት እያየሁት ፍሬኑን ይበልጥ እረግጠው ነበር። ያ ፍሬን አንድ ቀን ቢከዳ የሚሄደው የሱ እጅ ነው።

ለአለቃችን ነገርኩት። ያኔ አንቱ እለው ነበር፤ ዛሬ አልለውም።

«ጌታዬ፣ የእጅ ፍሬኑ ይፈታና ይጽዳ። እኔው እሠራዋለሁ» አልኩት።

«የመንግሥት ንብረት ያለ ፈቃድ አይፈታም።»

«ፈቃዱን ይስጡኛ።»

«ድንጋዩ ምን ሆነ?» አለኝ።

በሳምንቱ ድንጋዩን አስወስዶ እንደ መኪናው አረንጓዴ ቀለም አስቀባው፤ በነጭ ቀለም የንብረት ቁጥር አጻፈበት። ፈረንጅ የሠራው ፍሬን መኪናው ሆድ ሥር ዝጎ ተቀምጦ፣ ሜዳውን ለሞላው ድንጋይ ቁጥር ተሰጠው። የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ስቄ ነበር፤ የተናደድኩት ቤቴ ገብቼ ነው።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አለቃችን ለበዓል በግ አማረው፤ በግ ደግሞ የጎጆ ነው። ለሥራ ጉዳይ ተብሎ ወጣን። ወንዙን ተሻግረን ዳገቱን እንደጀመርን በግ የሚነዳ ገበሬ አየና «አቁም» አለኝ።

«የእግር ፍሬኑ ውሃ ነክቶታል፣ ጌታዬ። ከላይ ሜዳው ላይ ልቁም።»

«አቁም ስልህ አቁም! ሰውየው ያልፈናል።»

ቆምኩ። ሽማግሌው ድንጋዩን ይዞ ወረደ። ፍሬኑን እስከ ወለሉ ረገጥኩት፤ ግን ርሶ ስለነበር አልያዘም፣ መኪናው ወደ ኋላ ሸርተት አለ። ድንጋዩ አቆመው። በድንጋዩና በጎማው መሐል ግን የሽማግሌው ቀኝ እጅ ነበር። አልጮኸም። «ኢልማ ኮ፣ ወደ ፊት ንዳው» ብቻ አለኝ።

እኔ እጁን በነጠላው ስጠቀልል አለቃችን ዋጋ ይከራከር ነበር። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ይሏል ይኼ ነው። ወደ ሐኪም ቤት ስንከንፍ ሽማግሌው ከኋላ ተቀምጧል፣ አጠገቡ በጉ ታስሯል። ከዚያ ወዲያ የዚያ እጅ ጣቶች አልታጠፉም።

እሑድ ማንንም ሳላስፈቅድ መኪናው ሥር ገባሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፣ አውቃለሁ። ከካምቢዮው ኋላ ያለው የእጅ ፍሬኑ ታምቡር ከዝገት ጋር አንድ ሆኗል፤ ቡሎኖቹ ላምባ አጠጥቻቸው እንኳ እምቢ ስላሉ እየተሳደብኩ በመዶሻ አስለቀቅኳቸው። የፍሬኑ ሸራ አልተበላም፤ ማን ሠርቶበት ይበላል? የተያዘው ሸራውን የሚገፋው ዘንግ ነበር። ላምባ ውስጥ ነከርኩት፣ በሽቦ ብሩሽ ፈገፈግኩት፣ በብርጭቆ ወረቀት አሸሁት፣ ግራሶ ቀብቼ መልሼ ገጠምኩት። ከምሳ በፊት አለቀ። እጀታውን ስስበው ቀጥ አድርጎ ያዘ።

ያን ጊዜ እዚያው መሬቱ ላይ ተቀምጬ በንዴት አለቀስኩ። ሥራው ከባድ ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር። የሰው እጅ የሄደው ለግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ሰኞ አለቃችን ራሱ እጀታውን ስቦ አየና «ይኼን ያህል ቀላል ከነበረ ምነው ቀድመህ አልሠራኸው?» አለኝ። ባልዲ አንሥቼ መኪናውን ማጠብ ጀመርኩ። የማሳድጋቸው ልጆች ነበሩኝ።

ሽማግሌው ሲሻለው ወደ ሥራው ተመለሰና አብረን ጎጆ ወጣን። ያው ዳገት ላይ ሆን ብዬ ቆምኩ። እንዲያይልኝ ፈልጌ ነበር። የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ፤ መኪናው ተተክሎ ቀረ፤ እግሬን አነሣሁ። ዞሬ ባይ ከኋላ ማንም የለም።

ዘልዬ ወረድኩ። ሽማግሌው አረንጓዴውን ድንጋይ በግራ እጁ ደረቱ ላይ አስደግፎ ወደ ጎማው እያጎነበሰ ነበር።

«ተው አባቴ፣ ፍሬኑ ተሠርቷል። ይዟል እኮ» አልኩት።

«ሰምቻለሁ፣ ኢልማ ኮ። እጅህ ይባረክ» አለ፤ ድንጋዩን መሸጎጡን ግን አልተወም። «ደግሞ ሲዝግስ ማን ይነግረኛል?»

ይኼን ሲለኝ ግራ እጁ ገና ጎማው ሥር ነበር።