ነጭ የለበሱት ሰባት ሴቶች

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 12፡10፤ ቶኮዛ

ሰማዩ ገና ሲገረጣ ከወንድሜ ከአበራ ጋር ከሱቁ ወጣን። የዳቦ መኪናው አሁን ነው የሄደው። ሸሪኩ ማቲዎስ በብረት ፍርግርጉ በኩል ይሸጣል፤ እናቶች ብርድ ልብስ ተከናንበው ተሰልፈዋል። ብርዱ አፍንጫ ይቆነጥጣል።

የምንሄደው ከከተማው ማዶ፣ ሮዝባንክ የሚባል የሀብታም ሠፈር ነው። አንድ ጋለሪ የስድስት የዘመኑ የህንድ ሠዓሊያንን ሥራዎች አንድ ላይ እያሳየ ነው፤ ቅዳሜና እሁድ ለጎብኚ የሚያስረዳ ሰውም ይፈልጋል። አመልክቼ ነበር። ዛሬ አንድ ሥዕል ፊት ቆሜ ለአሥር ደቂቃ መናገር አለብኝ፤ ከቻልኩ ሥራው የኔ ነው። አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሥነ ጽሑፍ ተምሬያለሁ፣ እንግሊዝኛውም አያስቸግረኝም። የሚያስቸግረኝ ሰው ሲያየኝ ድምፄ መጥፋቱ ነው። ሱቅ ውስጥ በሠራሁባቸው ስምንት ወራት ደንበኛ ሲጠይቀኝ ከጓዳ የሚመልስልኝ አበራ ነበር።

"ሰላምታ አስቀድሚ" አለኝ እየተራመድን። "'ሳውቦና' ካልሽ ግማሹን ጨርሰሻል።"

"ሮዝባንክ እኮ በዙሉ አያወሩም።"

"ጥበቃውስ? በሩን ካላለፍሽ ለማን ልታስረጂ ነው?"

1፡30፤ ከተማ መሀል

አበራ ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ ያስቆመው ታክሲ ቢጫዎቹን የማዕድን አፈር ክምሮች አልፎ ከተማ አደረሰን። መናኸሪያው በቆሎ ጥብስና ናፍጣ ይሸታል። ማግዊንያ በላን፤ የኛው ቦምቦሊኖ ነው፣ ትንሽ ጨው በዛ ያለበት። ሁለቱ በስድስት ራንድ።

እዚህ አገር ታክሲ ውስጥ ወራጅ ጮሆ ነው የሚወርደው። እኔ መጮህ እያቃተኝ ስንቴ ሠፈሬን አልፌ በእግሬ ተመልሻለሁ። ሁለተኛው ታክሲ ሮዝባንክ ሲደርስ አበራ ሆን ብሎ ወደ መስኮቱ ዞረ።

"ሾርት ሌፍት" አልኩ፤ የኛው "ወራጅ አለ" ነው። ለራሴም አልተሰማኝም። ደገምኩት። በሦስተኛው አጠገቤ ያለችው ሴትዮ አዘነችልኝ መሰለኝ፣ "ድራይቨር! ልጅቷ ትውረድ!" ብላ አስተጋባችው።

"በዚህ ዓይነት" አለ አበራ ስንወርድ፣ "ሥዕሉንም ይቺ ሴትዮ መጥታ ታስረዳልሽ።"

4፡00፤ ጋለሪው

ጥበቃው ዙሉ ነው፤ አበራ በድል አድራጊ ዓይን አየኝ። ከበሩ በኋላ ግን ሌላ ሰው ሆነ። ቀኑን ሙሉ ከጅምላ ሻጭ ጋር ሲጯጯህ የሚውለው ወንድሜ እጁን ወደኋላ አጣምሮ በጣቱ ጫፍ ይራመዳል።

"ጫማ ይወለቃል እንዴ?" ብሎ አንሾካሾከ።

በሩ ላይ ሰው የተንጠለጠለበት የሙምባይ ባቡር አለ። የጋዝ ሲሊንደር በሞተር ብስክሌት ጭኖ የሚያዛጋ ሰውዬ አለ። አንድ ግድግዳ በሙሉ ዝናብ የሚመታው የቆርቆሮ ጣሪያ ነው፣ ሰማያዊ በሰማያዊ። አበራ የዋጋ ዝርዝሩን አየና በቀስታ መልሶ አስቀመጠው። "በዚህ እኮ እንደኛ ያለ ሁለት ስፓዛ ሱቅ ይከፈታል።"

የኔ ሥዕል ጥጉ ላይ ነው፤ ነጭ የለበሱ ሰባት ሴቶች የወንዝ ደረጃ ይወርዳሉ። ስለሌሎቹ ሥራዎች የጽሑፍ ማብራሪያ ሰጥተውኛል፤ ለዚህኛው ግን ርእስም የለውም። ማታ ማታ የላኩልኝን ፎቶ አጉልቼ እያየሁ የምለውን ያዘጋጀሁት ራሴ ነኝ።

5፡00

የጋለሪው ኃላፊ ሊንዲዌ አሥራ አንድ ጎብኚዎች ሰብስባ አመጣች። ሰላምታ አስቀደምኩ። ከዚያ ሥዕሉን ብቻ እያየሁ፣ ሴቶቹ ወደ በዓል እየሄዱ መሆናቸውን፣ ይህም ከአለባበሳቸው እንደሚታወቅ ተናገርኩ። ጥሩ እየሄድኩ ነበር።

"ልጄ" አሉ ከፊት የቆሙ፣ ሌኔዥያ ከሚባለው የህንዶች ሠፈር የመጡ አሮጊት። "እነዚህ እኮ ባል የሞተባቸው ናቸው። በኛ ነጭ የመበለት ልብስ ነው።"

አንድ ሰው አሳለ። ጆሮዬ ጋለ። ሊንዲዌ ወረቀቷ ላይ የሆነ ነገር ጻፈች። አበራ እንደ ሱቁ ልማዱ ወደፊት መጣ፤ "ይቅርታ፣ እህቴ ለማለት የፈለገችው..."

"ቆይ አበራ!" አልኩት። በአማርኛ፣ አዳራሹ እስኪሰማ።

ከዚያ ወደ አሮጊቷ ዞርኩ። "ይቅርታ፣ አላወቅኩም ነበር። እኛ ዘንድ ነጭ የበዓል ነው። ሐዘን ከሆነ ቀሚሱ ይጠቁራል፤ ነጭ ነጠላ ቢደረብ እንኳ ጥለቱ፣ ማለት ይሄ የጠርዙ ቀለም፣ ወደ አንገት ይወጣል። የነዚህን ጠርዝ እዩልኝ። እግራቸው ሥር ነው። የአገሬ ሰው ቢያያቸው 'ድግሱ የት ነው?' ነው የሚለው።"

ሁሉም ጎንበስ ብለው የሴቶቹን እግር አዩ።

አሮጊቷ ወደ ሥዕሉ ቀረብ አሉ። "እናቴ በሠላሳ ዓመቷ ነጭ ለበሰች፤ እስክትሞት አልለወጠችም" አሉ። ከዚያ ባለጠርዙን ሻርፓቸውን አውልቀው ሰጡኝ። "በዓል ሲሆን እንዴት ነው? አሳዪኝ።"

ትከሻቸው ላይ አለበስኳቸው፤ ጠርዙን ወደ ታች ለቀቅኩት። አንዲት ወጣት ፎቶ አነሳች። አንድ ሰውዬ "ለሠርግስ?" ብሎ ጠየቀ፣ ሌላዋ ስለ ለቅሶው። እየመለስኩ ነበር። አሥሩ ደቂቃ መቼ እንዳለፈ አላውቅም።

በመጨረሻ ሊንዲዌ ወደ ጥግ ወሰደችኝ። "ከሚቀጥለው ቅዳሜ ጀምሪ። ለጎብኚዎቹ መጀመሪያ እሳቸው ያሉትን ንገሪ፤ ቀጥሎ አንቺ እንዴት እንደተሳሳትሽ። ስህተትሽን እንዳትዘይው።"

"እሁድ ቸርች አላት" አለ አበራ።

"ቸርች ከሰዓት በኋላ ነው" አልኩ፣ ለሁለቱም።

9፡20፤ ወደ ቶኮዛ

ታክሲው ጢም ብሎ ሞልቷል። አበራ ዲፕስሉት የሚባል ሠፈር ላለው ጓደኛው ደወለ። መስመሩ ስለማይጠራ ይጮሃል።

"መሲ ሥራ አገኘች! ሥዕል ቤት! ... አይ፣ አትሥልም። ... አትሸጥም አልኩህ። ታወራለች! ... አዎ፣ የኛዋ መሲ! እኔንም ዝም አሰኝታኛለች፣ ታወራለች ስልህ!"

ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እኔም አየኋቸው።