የአባባ ሳቅ የነበረበት ፊልም

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሜሮን አንዱን ካሜራዋን «እስኪ ያዢና ለኪው» ብላ ስትዘረጋልኝ ሁለት እጄን ሽርጤ ውስጥ ደበቅሁ። ሃምሳ ዓመት ያለፈኝ ሴት ነኝ። ቀኑን ሙሉ የከባድ መኪና ሸራ የሚጎትት እጅ ነው ያለኝ። ግን አልያዝኩም።

«እማ፣ አይነክስም እኮ!»

«ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪው። ልባስ የምሰፋለትን በሜትር እለካዋለሁ።»

ሜሮን ፎቶ አንሺ ናት። ሥራዋ ወደ አፋር፣ ከዚያ ደግሞ ወደ ሰሜን ተራሮች ሊወስዳት ነው። አንዱ አገር ያቃጥላል፣ ሌላው ያንዘፈዝፋል። ኮልፌ ገበያ አጠገብ ባለችው ሸራ መስፊያ ቤታችን ሁለት ካሜራ ከስፌት መኪናዬ ጎን ደርድራ «የቱን ልያዝ?» እያለች ሦስት ቀን ሆኗታል። አንደኛው ቀጭንና ቀላል ነው። ሁለተኛው ከባድ ነው፤ በየክዳኑ ዙሪያ ግን ስስ ላስቲክ ዞሮለታል። አቧራም ዝናብም አያስገባም ትላለች።

«ግን ሌንሱም እንደዚሁ ላስቲክ ያለው መሆን አለበት» አለችኝ። «አካሉ ተዘግቶ ሌንሱ ክፍት ከሆነ ምን ይረባል?»

ይኼ እንኳ ገባኝ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሸራ ስሰፋ ውሃ በሸራው መሃል ገብቶ አይቼ አላውቅም። የሚገባው በስፌቱ ነው።

ሌላም ሌላም ትነግረኛለች። አቧራ ባለበት ሌንስ እንደማትቀይር፣ ብርድ አገር ባትሪዎቹን ከሰውነቷ ጋር እንደምትይዝ፣ ከብርድ ወደ ሞቀ ቤት ስትገባ ጉም እንዳይዘው ካሜራውን ከቦርሳው ቶሎ እንደማታወጣ። ከአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኙትን እርጥበት የሚመጥጡ ትንንሽ ከረጢቶች እንኳ በብልቃጥ አጠራቅማለች። እኔ እሰማታለሁ፤ ሆዴ ግን ሌላ ነገር ያወራል። ለካሜራው ላስቲክ ተገኘለት፤ ለልጅስ ላስቲክ ከየት ይመጣል? መንገዱ፣ ሙቀቱ፣ ገደሉ፣ የማታውቀው ሰው ሁሉ እየታየኝ ሌሊት እንቅልፍ የለኝም።

ፊቴን አይታ ልታስቀኝ ፈለገች። «አይዞሽ እማ፣ እንደ ጋሽ ፍቅሬ ፀሐይ ላይ አላሰጣው!»

ጋሽ ፍቅሬ ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ነፍሱን ይማረው። ኮልፌ ገበያ ውስጥ እስኪሞት ድረስ ስሙ «አስጪው» ነበር። ልጄም እንደ ሌላው ሰው ቀልዱን እንጂ ነገሩን አታውቅም። የስፌት መኪናዬን አቆምኩና ነገርኳት። አሁን የምጽፈውም እሱኑ ነው። ከአራተኛ ክፍል ያለፈ ትምህርት የለኝምና ፊደል ብስት አትፍረዱብኝ።

ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ደርግ ወርዶ ገና ብዙ አልቆየም። አባባ ከጉራጌ አገር በልጅነቱ መጥቶ በዚችው ቤት ሸራ ይሰፋ ነበር። እናታችን ቀድማ አርፋለች። እኔ ትምህርቱን ትቼ አባባን እረዳለሁ፤ ጋሼ ደግሞ፣ ታላቄ ስለሆነ ስሙን አልጠራም ነበር፣ ከእኛ ከፍ ብሎ አስፋልቱ ዳር ካለው ከጋሽ አየለ ፎቶ ቤት ተቀጥሮ ይሠራል። ሦስት ዓመት ሆኖታል። ፎቶ ቤቱ ሲገባ ጸጉሩን በውሃ አርጥቦ ያበጥራል፤ ሸራ ቤት ሲመጣ አያበጥርም። ለየትኛው ሥራ እንደተፈጠረ ይታወቅ ነበር።

በዚያ ክረምት አባባ ሲያስል ከረመ። የኮልፌን ክረምት ታውቁታላችሁ፤ ቆርቆሮው ቀንና ሌሊት ይደበደባል፣ ጭቃው እስከ አልጋ እግር ይከተላል። ነሐሴ ሲያልቅ አባባ «መስቀልን አገሬ ነው የምውለው» አለ። በየዓመቱ ይሄዳል፤ የዚያን ጊዜ ግን አነጋገሩ ሌላ ነበር። ጋሼን አየሁት፤ እሱም አየኝ።

ቤታችን ውስጥ የአባባ ፎቶ አልነበረም። ልጁ ፎቶ አንሺ የሆነ ሰው ፎቶ የለውም! ጋሼ «ነገ» ይላል፣ አባባ «ሥራ ይዣለሁ» ይላል፣ በዚያው ቀረ። ያለው የቀበሌ መታወቂያው ላይ ያለው ብቻ ነው፤ እሱም ላይ ማህተሙ ልክ አፉ ላይ አርፏል።

ጋሽ አየለ ነገሩን ሲሰሙ ለጋሼ ሁለት ካሜራ አውጥተው «አንዱን ምረጥና ይዘህ ሂድ፣ አባትህን አንሳ» አሉት ቢባል አይገልጸውም፤ ካሜራ ያኔ እንደ ዓይን ብሌን ነው የሚጠበቀው፤ እሳቸው ግን ሁለቱንም ቤታችን ወስዶ እንዲያሳይ ፈቀዱለት። አንደኛው የሩሲያ ነው፤ ብረት፣ ድፍን፣ አንገት የሚያስጎነብስ። ሌላው አዲስ፣ ቀጭን፣ የራሱ መብራት ያለው። ጋሼ ዓይኑ ቀጭኑ ላይ ነበር።

አባባ መነጽሩን አድርጎ ሁለቱንም አገላበጣቸው። መገጣጠሚያቸውን በአውራ ጣቱ ጥፍር እየዳሰሰ ዞረ፤ ሸራ ሲፈትሽ እንደሚያደርገው።

«ይኼኛው ስፌቱ ልል ነው። ዝናቡ ገና አልወጣም። ከባዱን ያዝ።»

«አባባ፣ ካሜራ አይሰፋም እኮ!» ብሎ ጋሼ ሳቀ።

«የተገጣጠመ ነገር ሁሉ የተሰፋ ነው፣ አንተ ጅል።»

እኔም ቀጭኑ አምሮኝ ነበርና ጣልቃ ገባሁ። «እኔ ሸራ እሰፋለታለሁ አባባ። ጠብታ አይገባውም።»

ከመኪና ሸራ ቁራጭ ለቀጭኑ አረንጓዴ ልባስ ሰፋሁለት። ስፌቱን በሻማ ወለወልኩት። ማንጠልጠያው የሚወጣበት ሁለት ቀዳዳ ግን ተውኩ። ምን ላድርግ፣ ማንጠልጠያ ያስፈልገዋል። አባባ ልባሱን አይቶ ጣቱን በቀዳዳው አሾለከና ጣቱን አወዛወዘልኝ።

ከአውቶቡስ ተራ ተነስተን ወልቂጤ፣ ከወልቂጤ በጭነት መኪና፣ ቀሪውን በእግር። እዚያ ስንደርስ የአደይ አበባ ወጥቷል፤ ቤቶቹ ፊት ለፊት ያለው ጀፎሮ፣ ያ ሰፊው የሣር መንገድ፣ ታጥቦ የተሰጣ ይመስላል። የጎመን ክትፎው፣ አይቡ፣ ከእንሰት ቅጠል ላይ የሚነሳው ትኩስ ቆጮ... አዲስ አበባ ሁለት ጉርሻ ያቅተው የነበረው አባባ እዚያ በላ። ሳሉም ተወው። አየሩ ነው አልን።

በመስቀል ማግስት ጀፎሮው ላይ ካለው ዛፍ ሥር አባባን አስቀመጥነው። ካሜራ ሲያይ እንደ ወታደር ደረቀ። ጋሼ «አባባ፣ ዘና በል» ቢለው ይብሳል። የልጅነት ጓደኛው የሆነ ሽማግሌ አጠገቡ ቆሞ ነበር።

«እናንተ ልጆች፣» አለ ሰውዬው፣ «ይኼ አባታችሁ አርባ ዓመት ሙሉ የአዲስ አበባን መኪና ሁሉ አለበሰ አይደል? ትናንት ማታ እህቱ ቤት ጣራው ሲያፈስበት ድስት ራሱ ላይ ደፍቶ ነው የተኛው!»

አባባ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ጥሎ ሳቀ። የሦስቱ የወለቁ ጥርሶቹ ቦታ ታየ። ሁልጊዜ ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍን ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ረሳው። ካሜራው ቀጭ አለ።

«ያዝኩት!» አለ ጋሼ። እንደዚያ ደስ ብሎት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁትም።

አባባ እህቱ ቤት ትንሽ ሊያገግም ቀረ። «ለገና ስትመጡ ፎቶዬን ይዛችሁልኝ ኑ» ብሎ ሸኘን።

ስንመለስ ዝናቡ መንገድ ላይ ያዘን። የጭነት መኪናው ጭቃ ውስጥ ገባ፤ ወንዶቹ ወርደው ሲገፉ ጋሼ ካሜራውን አንገቴ ላይ አጠለቀልኝ። ዝናቡ እዚያው በቆምኩበት ደበደበኝ። በነጠላዬ ጠቀለልኩት፣ ደረቴ ላይ አቀፍኩት፣ ውሃው ግን ማንጠልጠያውን ተከትሎ በዚያች ቀዳዳ ቁልቁል ይወርዳል። በስፌቱ! አባባ ጣቱን ያወዛወዘባት ቀዳዳ።

በማግስቱ ጠዋት ከአንዲት ትንሽ ከተማ ሻይ ቤት ደጅ ላይ ነን። የካሜራው መስታወት ከውስጥ በኩል እንደ ሻይ ቤት መስኮት ጉም ይዞታል። ጋሼ መኪና ሊፈልግ ሄደ። «አንቺ ዕቃውን ጠብቂ» ብሎኝ ሄደ። ዝናቡ አባርቶ ዓይን የምትወጋ የመስከረም ፀሐይ ወጣች።

እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው። ሸራ ከረጠበ ገልብጠህ፣ ከፍተህ፣ ፀሐይ ላይ ትዘረጋዋለህ፤ አለዚያ ይሻግታል። ልባሱን ገልብጬ አሰጣሁት። ከዚያ ካሜራውን አገላበጥኩት። በጎኑ ያለችውን ነገር ሳብ ሳደርጋት ጀርባው ተከፈተ። ውስጡ ጥቂት ጠብታ ነበረበት። ፊልሙን በጣቴ ሳብ አድርጌ በነጠላዬ ጫፍ ቀስ ብዬ ጠረግኩት፤ የሕፃን ፊት እንደሚጠረግ ነው የጠረግኩት። ወደ ፀሐይም ከፍ አድርጌ አየሁት፣ አባባ ይታየኝ እንደሆነ። ምንም አይታይም። ቡናማ የሚያብረቀርቅ ነገር ብቻ ነው። ፎቶ ቤቱ መጋረጃ ጀርባ ገብቼ ስለማላውቅ ሲታጠብ ነው የሚወጣው ብዬ መልሼ ጠቀለልኩትና ዘጋሁት።

ጋሼ ሲመጣ በኩራት «ጉሙ ለቀቀው!» አልኩት።

ካሜራውን ተቀበለኝ። ስንት ፎቶ እንደተነሳ የምታሳይ ትንሽ መስኮት አለችው፤ እሷን አየ። ሠላሳ አንድ ደርሶ የነበረው ቁጥር ወደ መጀመሪያው ተመልሷል። ይኼን ያወቅሁት በኋላ ነው። ያኔ ያየሁት ጋሼ መስኮቷን ለረጅም ጊዜ ሲያይ፣ ከዚያ እርጥቡን የነጠላዬን ጫፍ ሲያይ ብቻ ነው።

«ቁርስ በልተሻል?» አለኝ።

«አልበላሁም።»

«ነይ እንብላ።»

ኮልፌ የገባን ዕለት ጋሽ አየለ ፊልሙን ራሳቸው አጠቡት። እኔ የአባባን ሳቅ ቀድሜ ላይ ብዬ ደንበኛ የሚቀመጥበት አግዳሚ ላይ ቁጭ ብያለሁ። ከጨለማው ክፍል ሲወጡ ፊልሙ በእጃቸው ተንጠልጥሏል፤ ከዳር እስከ ዳር ከሰል።

«ይኼ ውሃ አይደለም። ብርሃን ነው። ማነው የከፈተው?»

አፌን ከፈትኩ።

«እኔ ነኝ» አለ ጋሼ።

«አንተ? ሦስት ዓመት ጨለማ ክፍል ያሳደግሁህ?»

«ውሃ ሲገባበት ደንግጬ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት።»

ጋሽ አየለ አልተቆጡም፤ ሳቁ። ሳቃቸው ከቁጣ የባሰ ነበር። «ሰዎች፣ ኑና ጉድ እዩ! ፊልም እንደ በርበሬ ያሰጣ ፎቶ አንሺ!» ብለው ለጎረቤቱ ሁሉ ተናገሩ። ካሜራውም ውስጡ ዝጎ ቀረ። ጋሼ በዚያው ሳምንት ከፎቶ ቤቱ ወጣ፤ ከገና በፊት አባባ አረፈ፤ ጋሼ የአባባ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ መርፌ ያዘ። ከዚያ በኋላ ጸጉሩን በውሃ ሲያበጥር አላየሁም።

ሃያ ዓመት ሙሉ «አስጪው!» እያሉ ሲያልፉ «አቤት፣ እናንተንም ላስጣችሁ?» ብሎ ይመልስላቸዋል። እኔ አጠገቡ እሰፋለሁ። አንድ ቀን ብቻ፣ ሁለታችን ስንሆን፣ «ጋሼ፣ ያኔ ሻይ ቤቱ ደጅ...» ብዬ ጀመርኩ።

«ክሩን አቀብዪኝ» አለኝ።

አቀበልኩት።

ይኼን ለሜሮን ነግሬ ጨረስኩ። ከውጭ የታክሲ ረዳቱ «ዓለም ባንክ! ዓለም ባንክ!» ይላል። የጋሼ ስፌት መኪና ከጎኔ ባዶውን ቆሟል። ላዩ ላይ መቀሱን ያኖርባት የነበረችው ያቺ አረንጓዴ ልባስ አለች፤ አልጣላትም። እኔም አልጣልኳትም።

«የአያቴ ሳቅ ምን ይመስል ነበር?» አለችኝ።

ልነግራት ሞከርኩ። ጥርሶቹን፣ ወደ ኋላ የተጣለውን ጭንቅላት ነገርኳት። ድምፁን ግን ፈልጌ አጣሁት። ዓይኔን ጨፍኜ ስሄድበት ጀፎሮው ይመጣል፣ ዛፉ ይመጣል፣ ያ ሽማግሌ ይመጣል፤ እሱ ጋ ስደርስ ነጭ ይሆንብኛል።

«ከባዱን ያዢ» አልኳት በመጨረሻ። «አያትሽ ቢኖር እንደዚያ ነበር የሚልሽ።»

ልባሱን ሰፋሁላት፤ ማንጠልጠያው የሚወጣበትን ቀዳዳ ከታች በኩል አደረግሁት፣ ክዳንም ደረብኩለት። ደስ ብሏት ካሜራውን ይዛ ደጃፉ ላይ ቆመች፤ ፀሐይ ናት፣ ልክ ቀትር። «እይ እማ፣ ላስቲኩ እስከዚህ ድረስ ነው» ብላ ፎቶው የሚቀመጥበትን ትንሽ በር ከፈተች።

እጄ እኔን ሳይጠይቅ ነጠላዬን ይዞ ወጣና በሩን ሸፈነው።

«እማ፣ ይኼ እኮ ብርሃን አይፈራም።»

«አውቃለሁ» አልኳት። እጄን ግን ክዳኑ እስኪዘጋ አላነሳሁም።

አሁን ይኼን ስጽፍ ልጄ አፋር ናት። ኔትወርክ ባገኘች ቁጥር ትደውላለች። እኔም መጀመሪያ የምጠይቃት «ካሜራው እንዴት ነው?» ብዬ ነው። «ደህና ነው እማ» ትለኛለች። «ቁርስ በልቷል።»