የሲስተር እሹሩሩ ድምፅ

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ከስፌት መኪና ጋር ስጯጯህ ነው የምውለው። ታናሽ እህቴ ደግሞ ነርስ ናት፤ ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ዝም ስታሰኝ ነው የኖረችው። ከአንድ ማሕፀን ወጥተን እኔ ደወል፣ እሷ ጥጥ! እናታችን በሕይወት ሳለች «የሁለታችሁንም ድርሻ ላንቺ ብቻ ሰጥቶሽ ነው» እያለች ትስቅብኝ ነበር።

እህቴ የምትሠራው ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ክፍል ነው። አንድ ቀን የረሳችውን ቁልፍ ላደርስላት ሄጄ በመስታወቱ አጮልቄ አይቻለሁ። ማሞቂያ ሣጥኖች ተደርድረዋል፤ በየሣጥኑ ከመዳፌ እምብዛም የማይበልጥ ሰው ተኝቷል። በር ሲጋጭ ወይ ሰው ጮክ ብሎ ሲናገር እነዚያ ፍጥረቶች እጅና እግራቸውን ወርውረው ይበረግጋሉ። አንዳንዱማ ሲደነግጥ መተንፈሱን ይረሳል አለችኝ። ስለዚህ እዚያ ክፍል ማንም ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ እህቴ ግን ከሁሉም ባሰች። ዓመት በዓመት ላይ ሲደረብ ድምጿ ወደ ውስጥ ገባና እዚያው ቀረ። ገበያ ሄዳ ስትጠይቅ ነጋዴው አይሰማትም፤ አውቶቡስ ውስጥ «ወራጅ አለ» ብላ መውረጃዋ ያልፋታል። እሷ ግን ቅር ብሏት አያውቅም። የሕፃናቱ እናቶች «ሲስተር እሹሩሩ» አሏት፤ ከዚያ ወዲያ በመዝገብ ስሟ የጠራት የለም።

የራሷንም ልጅ በዚያው ድምፅ ነው ያሳደገቻት። ሚጣ ነው የምንላት። አፏን ጆሮዋ ላይ ገጥማ ነበር የምታወራት፤ ተረቱንም፣ ምክሩንም፣ ቁጣውንም። ሚጣ አንድ ጊዜ «አክስቴ፣ እማ ስትቆጣኝ እኮ ደስ ይለኛል፤ ጆሮዬን ይኮረኩረኛል» ብላኝ ሆዴን ይዤ ነው የሳቅኩት። እኔ ቤት ቁጣ ማለት መቀስ ሲወረወር ነው።

እንግዲህ መራራው ከዚህ ይጀምራል። እህቴና ባሏ ተፋተዋል። ሰውየው ከፍቺው በኋላ ውጭ አገር ሄዶ ኑሮው ሲደላደል «ልጄን ልውሰዳት፣ ጥሩ ትምህርት ቤት ትግባ» አለ። እህቴ አሻፈረኝ አለች። ያን ሰሞን ነው ነርሶችን ወደ ውጭ የምትልከው የኤጀንሲ ሴትዮ ብቅ ያለችው። አባትየው ባለበት ከተማ ያለ ሆስፒታል የጨቅላ ሕፃናት ነርስ ይፈልጋል፤ የእህቴ ማስረጃ ታይቶ ተወዷል፤ የቀረው የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ብቻ ነው። «ልጅቷ ቀድማ ትግባ፣ አንቺ ወዲያው ትከተያታለሽ» አለቻት፤ ጎረቤት ልትልካት ይመስል።

«ልጅ ቀድሞ እናት ኋላ፣ ይኼ የምን አካሄድ ነው?» አልኩ እኔ።

«እትዬ፣ እንግሊዝኛ ብቻ እኮ ነው የቀረኝ» አለችኝ በዚያ በማይሰማ ድምጿ። «የተማርኩት በእንግሊዝኛ፣ የበሽተኛ ካርድ የምጽፈው በእንግሊዝኛ። ምን ይከብደኛል?»

እውነቷን ነው። ሚጣ የወተት ጥርሷ ሳይራገፍ በአባቷ እጅ ተይዛ ሄደች።

ፈተናው ምን እንደሆነ እህቴ የጨርቅ መቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ ቁጭ ብላ አስረድታኛለች። አራት ነገር ይለካል፦ ማዳመጥ፣ ማንበብ፣ መጻፍ፣ መናገር። ሥራ ለሚሄድ ነርስ አራቱም የየራሳቸው ማለፊያ አላቸው፤ አንዱ ከጎደለ ሦስቱ ገደል ይገባሉ። አራቱም በአንድ ፈተና መታለፍ አለባቸው። ያም ሆኖ ውጤቱ የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ነው፤ ከዚያ ወዲያ እንደገና።

«እንዴ!» አልኳት። «እንግሊዝኛ ወተት ነው እንዴ፣ ሲቆይ የሚኮመጥጠው?»

ሳቀች። የዚያን ጊዜ ገና መሳቅ ነበረ።

የፈተናው ዕለት የሆነውን ስትነግረኝ ግን እኔ መሳቅ አቃተኝ። አንድ ትልቅ ክፍል ነው፤ ኮምፒውተሮች፣ በመሃላቸው ስስ መከለያ፣ ለየአንዳንዱ ተፈታኝ ማዳመጫና የአፍ ማይክሮፎን። ማዳመጡን፣ ማንበቡን፣ መጻፉን እንደ ውኃ ጠጣችው። መናገር ላይ ሲደረስ ፊት ለፊት የሚጠይቅ ሰው የለም፤ ጥያቄው ስክሪኑ ላይ ይመጣል፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ለማሽኑ ይናገራል። በስተቀኟ ያለው ጎረምሳ ስላደገበት ሰፈር ይጮሃል፤ በስተግራዋ ያለችው ልጅ ስለምትወዳት አስተማሪዋ ትለፈልፋለች።

«አንቺስ?» አልኳት።

«እኔማ ሰው እንዳይረበሽ ቀስ ብዬ መለስኩ።»

ሰው እንዳይረበሽ! ይህን የምታስብ እሷ ብቻ ናት። ዓለም ሁሉ ጉሮሮውን ቀዶ እያለፈ፣ እህቴ ጎረቤቷን ላለማስቀየም ታንሾካሹካለች። ውጤቱ ሲመጣ ማዳመጥ ከፍተኛ፣ ማንበብና መጻፍ በጣም ጥሩ፣ መናገር ግን ከማለፊያው በታች። ማሽኑ ጎረምሳውን ሰምቶ ይሆናል እንጂ እሷንስ አልሰማትም። እንደገና ይታይልኝ ብላ ጻፈች። በትሕትና «ለውጥ የለም» ብለው መለሱላት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ፤ ማሽን ሲጨመርበት ደግሞ አስቢው።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። የእህቴ ዝምታ ግን ነቀዘ፤ እኔ ምስክር ነኝ።

ኤጀንሲዋ «አይዞሽ፣ ቦታው ይጠብቅሻል፣ ድገሚው» አለቻትና ወደ አንድ አስጠኚ ላከቻት። ከፎቶ ኮፒ ቤት በላይ ባለች ጠባብ ክፍል የሚያስተምር፣ ከከተማው ወጥቶ የማያውቅ ግን በአፍንጫው የሚያወራ ሰው ነው፤ ተማሪዎቹ ራሳቸው «ፈረንጁ» ነው የሚሉት። እኔ አልወደድኩትም። አንድ የተናገረው ነገር ግን እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። እህቴን ሰምቷት ሲያበቃ ምን አላት፦ «ሲስተር፣ እዚያ ፈተና ላይ ትሕትና ነጥብ የለውም።»

ከሆድሽ አውጪው አላት። አገጭሽን ቀና፣ ደረትሽን ነፋ አድርጊ፣ ማሽኑ ደንቆሮ ነው ብለሽ አስቢ አላት። ለማንኛውም ጥያቄ የሚሆኑ ዝግጁ ንግግሮችም አስያዛት፦ «ይህ በእውነቱ አስደሳች ጥያቄ ነው»፣ «በመጀመሪያ ደረጃ ልገልጽ የምፈልገው»፣ «ባጠቃላይ ሲታይ»። እንደ ተዘጋጀ ሱሪ ነው፤ ለማንም ይሆናል፣ ማንም ላይ ግን አያምርም።

ልምምዱ የት ይሁን? ያው እኔ ሱቅ! የስፌት መኪናዬን አስነሣለሁ፤ እሷ ከሱ በላይ እስክትሰማ ትናገራለች። እኔ እንግሊዝኛ የሚባል ነገር አይገባኝም፤ ሥራዬ «አልሰማሁም! አሁንም አልሰማሁም!» ማለት ብቻ ነው። መጀመሪያ ላይ ሁለት ቃል ጮክ ብላ ስትናገር ታስላለች፤ ዓይኗ እንባ ያቀርራል። ሳልና እንባ ሲለቃት ግን ሌላ ሴት ሆነች። ካፖርቱን ሊወስድ የመጣ ደንበኛ በር ላይ ቆሞ «ከማን ጋር ነው የሚጣሉት?» ሲለኝ «ከውጭ አገር ጋር» አልኩት።

ድምፅ ግን እንደ ካፖርት አይደለም፤ ከፈተና ስትመለስ አውልቀሽ አትሰቅይውም። አንድ ቀን ማሞቂያ ሣጥኖቹ መሃል ቆማ ባልደረባዋን «ጓንት አቀብዪኝ!» አለቻት፤ ሱቄ ውስጥ በለመደችው ድምፅ። ክፍሉ በሙሉ በረገገ። አንዱ ጨቅላ መተንፈሱን ረሳ። ውስጥ እግሩን እያሹ፣ ጀርባውን እየደባበሱ መለሱት፤ ተረፈ። እህቴ ግን ያን ቀን መጥታ ካውያዬ አጠገብ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች። የነርሶቹ አለቃ ሜትሮኗ ደግ ሴት ናት፤ አልተቆጣቻትም። «ሲስተር፣ ለጊዜው ድንገተኛ ክፍል ብትሠሪ ይሻላል፤ እዚያ መጮህም ያስፈልጋል» ነው ያለቻት። እዚያ የሚያውቃት የለም። ሲስተር እሹሩሩ የሚላትም የለም።

«ተይው፣ በቃሽ» አልኳት።

«ለሚጣ ነው እትዬ» አለችኝ።

ሚጣን የምታገኛት እሑድ እሑድ ነው፤ ከቤቷ ይልቅ እኔ ሱቅ ውስጥ ኔትወርኩ ስለሚሻል በሩን ገርበብ አድርገን እዚሁ ትደውላለች። መጀመሪያ ሰሞን ልጅቷ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ፣ ዓይኗን ጨፍና ነበር የምታዳምጠው። «እማ፣ ይኮረኩረኛል» ትላለች፤ እናቷ ታንሾካሹካለች፤ እኔ እንዳልሰማ ሆኜ ቁልፍ እሰፋለሁ። እየቆየ አማርኛዋ ጫፉ እንዳልተዘመዘመ ጨርቅ ይተረተር ጀመር። ዛሬ አንድ ቃል፣ በሚቀጥለው እሑድ ሌላ። በኋላማ እህቴ በአማርኛ ስትጠይቃት እሷ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች።

እህቴ መከፋት ሲገባት ደስ አላት! «ጥሩ ልምምድ ሆነልኝ» አለችና እሷም ወደ እንግሊዝኛው ዞረች። አገጭ ቀና፣ ደረት ነፋ። ሚጣ «ትምህርት ቤት ሥዕል ሳልኩ» ስትላት እናት ሆዬ እንደ ፈረንጁ ተማሪ «ይህ በእውነቱ አስደሳች ነው፤ በመጀመሪያ ደረጃ» ብላ ትጀምራለች። ምን እንደምትል ኋላ እየጠየቅኳት ነው ያወቅኩት። ያለ ትርጉም የገባኝ አንድ ነገር ቢኖር ልጅቷ ስልኩን ከጆሮዋ እያራቀችው መሄዷ ነው። ስክሪኑ ላይ መጀመሪያ ጆሮዋ ብቻ ነበር የሚታየው፤ በኋላ ፊቷ፤ በኋላ ደግሞ ጣሪያው።

የዳግም ፈተናው ውጤት የመጣው በእሑድ ነው። እህቴ አሳትማው ወረቀቱን እያውለበለበች ሱቄ ገባች። አራቱም አልፈዋል! መናገር እንኳ ከሚፈለገው በላይ። እኔ እልልታዬን አቀለጥኩት፤ ሜትሬን ከአንገቴ አውልቄ በሷ አንገት ላይ አጠለቅኩላት፤ ሁለታችንም ተላቀስን። ኤጀንሲዋ በስልክ «ተዘጋጂ፣ ቪዛው ብቻ ነው» አለቻት። ሁልጊዜ ብቻ የሚባል ነገር አይጠፋቸውም፤ ይሁን፣ ያን ቀን ደስ ብሎኝ ስለነበር አልተናገርኩም።

ወዲያው ለሚጣ ደወለች። ያነሣው አባትየው ነው። ልጅቷን ጠራት፤ ቆየች፤ ደግሞ ጠራት። እህቴ አላስቻላትም፤ «ሚጣ! ሚጣዬ!» ብላ በእንግሊዝኛ ጀመረች። ድምጿ ከስፌት መኪናው በላይ ነበር፤ መኪናው ግን ጠፍቷል። ስክሪኑ ላይ ሶፋና ግድግዳ ይታያል፤ ሚጣ አትታይም። ከወዲያ በኩል፣ ከስልኩ ራቅ ብሎ የልጅ ድምፅ ተሰማ፤ ለአባቷ ነው የምትናገረው፣ በእንግሊዝኛ፣ ቶሎ ቶሎ፣ ቅብጥብጥ እያለች። አባትየው «እሽሽ» አላት።

የእህቴ አገጭ ዝቅ አለ። ጨዋ ናት፤ አባትየውን በሥርዓት አመስግና፣ ሌላ ጊዜ እደውላለሁ ብላ ዘጋችው። ስልኩን በጠመኔ ያሰመርኩበት ጨርቅ ላይ አስቀመጠችው። ሜትሬ ገና አንገቷ ላይ ነበር።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ተረት ትዝ አለኝ፤ ምላሴን ነክሼ ዋጥኩት። ለአንዴ እንኳ ዝም ማለት ቻልኩ።

«ምን አለች?» አልኳት።

ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ አልሰማኋትም። ድሮ በምታወራበት ድምፅ ነበር የምታወራው። ወንበሬን ስቤ ጆሮዬን አፏ ላይ አስጠጋሁ።

«‹አባ፣ የግድ ላናግራት? ሁልጊዜ ትጮህብኛለች› አለችው» አለችኝ።

«ኧረ ተይ! የልጅ ነገር፣ ያውም ከሩቅ» አልኩ፤ ጭንቅ ሲለኝ የመጣልኝን ሁሉ ነው የምናገረው። «አጥርተሽ አልሰማሽ ይሆናል።»

ወረቀቱን አንሥታ አየችው።

«ማዳመጥ ሙሉ ነው ያመጣሁት እትዬ» አለች።